ለልጄ ብዬ የነከስኩት ጎማ

እኔ ስፖርት የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሮጥኩ ከተባለ የቤይሩት ሰዎች ሰርቪስ የሚሉት የጋራ ታክሲያቸው እንዳያመልጠኝ ነው። ክብደት አነሳሁ ከተባለም የአሠሪዬን የማዳሜን ምንጣፍ ከሳሎን ወደ በረንዳ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜውንም ቢሆን ለመምህራኑ ውኃ በመቅዳት ነው የጨረስኩት። ይሁን እንጂ ባለፈው ታኅሣሥ በመላው ቤይሩት፣ ከወደቡ እስከ ፉርን ኤል ሸባክ፣ ስለ ዱላና ስለ ኳስ ከእኔ የበለጠ የተጨነቀች ሴት ነበረች የሚለኝ ካለ እከራከረዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ልጄ በላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። መቅደስ ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። ትቻት ስመጣ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከአፏ አንድም የወተት ጥርስ አልወለቀም ነበር። ይህን የጥርስ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

"እማ፣ ለትምህርት ቤታችን የሴቶች የገና ቡድን ተመረጥኩ። በበዓሉ ቀን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር እንጋጠማለን። መምህሩ ወላጅ ይፍቀድልሽ ብለዋል። አባባ ፈቅደዋል፣ ግን እናትሽ ካልፈቀደች አይሆንም አሉኝ። እባክሽ እማ።"

የገና ጨዋታ አይቶ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል። ሩር የምትባል ከእንጨት የተጠረበች ድብልብል ኳስ መሬት ላይ ትጣላለች። ከዚያ ሁለት መንጋ ሰው እሷን እየመታ ወደ ባላጋራው ዳር ሊያደርሳት ይራወጣል። ዛሬ በትምህርት ቤት ሲጫወቱት ዳኛም ፊሽካም አለው ይላሉ። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ግን ዳኛው ሜዳው ራሱ ነበር፤ ቆሞ የተገኘ አሸነፈ ማለት ነው።

አባቴ በአካባቢያችን ስመ ጥር የገና ተጫዋች ነበሩ። እሳቸውን ለማየት ከሦስት ቀበሌ ወዲያ ሰው ይመጣ ነበር። ሠርግ ቤት ሲገቡ ሽማግሌው ሳይቀር ብድግ ይልላቸዋል። አንድ ጊዜ ሩሯን አየር ላይ እንዳለች መትተው ከወንዝ ማዶ አሳልፈዋታል ይባላል። ይህን ወሬ መጀመሪያ ስሰማው ወንዙ በዝላይ የሚታለፍ ነበር። በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ዓባይን ለማከል ትንሽ ነበር የቀረው።

ይህ ሁሉ ዝና ግን በነፃ አልመጣም። አባቴ የላይኛው የፊት ጥርስ የላቸውም። አራቱም የሉም። ሁለቱን በአንድ ገና፣ ሁለቱን በሌላው ገና ሜዳ ላይ ትተዋቸው መጡ። እኔ ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ ቆሎ የሚቀርብላቸው ተወቅጦ ነው። እንግዲህ ልጄ "ተመረጥኩ" ስትለኝ እኔ የሰማሁት ጥርስ ሲረግፍ ነው።

ደግሞ እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ጋዙን ሦስት ጊዜ ሳልነካ ከቤት አልወጣም። የማዳሜን ልጅ ያራን የወይን ፍሬ የማበላት እያንዳንዷን ለአራት ቆርጬ ነው። ማዳሜ እንኳ "ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ ልጅቷ እኮ ስድስት ዓመቷ ነው" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ በማግስቱ ለአራት እቆርጠዋለሁ። ወደቡ ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ መስኮት አጠገብ አልቀመጥም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካየሁም ሰበብ ፈልጌ አስነሳዋለሁ። ይቺ ሴት ልጇን ዱላ ወደያዙ ሰዎች መሐል ትልካለች?

"አይሆንም የኔ እናት" አልኳት። "መረብ ኳስ ተጫወቺ። ሩጪ። ከፈለግሽ ዝማሬ ግቢ።"

"እሺ" አለች።

እናቶች፣ "እሺ" ከምትል ልጅ ተጠንቀቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ የማገኘው ይህችኑ ቃል ብቻ ሆነ። በላሽ? እሺ። ፈተና እንዴት ነው? እሺ። ብርዱስ? እሺ። በምስል ስደውልላት ስልኩን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአባቴን ቤት ኮርኒስ አየሁ። ዝናብ ያበላሸው ቦታ አለ፤ ከግራ ሲያዩት ዳክዬ፣ ከቀኝ ሲያዩት ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ልጄን ላይ ብዬ በሳምንት አንድ ቀን የማገኛትን የእረፍት ሰዓቴን ዳክዬ ሳይባት ዋልኩ።

ለአባቴ ደወልኩ።

"አባባ፣ ለምን ፈቀዱላት?"

"ልጅቷ እጅ አላት" አሉኝ። "ስትመታ ባየሻት። እኔ ነኝ ዱላውን የቆረጥኩላት፣ ከወይራ።"

"ጥርስም አላት እኮ አባባ።"

"ጥርስ ምን ያደርግላታል? እኔ ያለሱ ስንት ዓመት በላሁ?"

ደህና ይሁኑ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ ላወርድ ስል ደረጃው ላይ ኢክባልን አገኘሁት። ኢክባል የሕንጻችን ናጡር ነው። ናጡር ማለት ዘበኛም፣ ጠራጊም፣ የውኃ ፓምፕ ሐኪምም የሆነ ሰው ማለት ነው። አገሩ ፓኪስታን ነው። የምንነጋገረው በዓረብኛ ሲሆን ቋንቋው የእሱም የእኔም ስላልሆነ አንዳችን ሌላውን አንንቅም፤ ቃል ሲያልቅብን በእጅ እንጨርሰዋለን።

"ኡኽቲ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?" አለኝ። ኡኽቲ እህቴ ማለት ነው።

የሆነውን ነገርኩት። ገና የሚለውን ቃል በዓረብኛ ስላላወቅኩት የመወልወያውን እንጨት ከእጁ ተቀብዬ ከቆሻሻው ውስጥ ያወጣሁትን አንድ ድንች ደረጃው ላይ መታሁ። ድንቹ ሁለት ፎቅ ወረደ። ኢክባል ግን ድንቹን አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ።

"ሆኪ ነው ይሄ" አለ።

"ገና ነው።"

"ሆኪ ነው። የአገሬ ብሔራዊ ጨዋታ።"

"የእኔ አገር ጨዋታ ነው" አልኩት። በሕይወቴ ለዚያ ጨዋታ ጥብቅና ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር።

ቆሻሻውን አስቀመጥኩ፤ እሱም ባልዲው ላይ ተቀመጠ። በእነሱ ከተማ አንድ እውቅ ተጫዋች ነበር አለኝ። በመንገድ ሲያልፍ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ይወጣል፤ ደንበኛውም ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ተከትሎት ይወጣል። ኳሷ ከዱላው ጋር የተሰፋች ነው የምትመስለው። አንድ ቀን የባላጋራውን ቡድን በሙሉ አልፎ ጎሉ አጠገብ ሲደርስ አንድ ሰው ሳላልፍ ቀርቻለሁ ብሎ ተመለሰ። እኔም ዝም አላልኩም፤ የአባቴን ወንዝ አወራሁለት። በዚያን ቀን ወንዙ ባሕር ሆነ።

"ግን ያ ሰውዬ ጥርስ አለው?" አልኩት።

"የትኛው?"

"ረስቶ የተመለሰው።"

"ሁሉም አለው። ለምን አይኖረውም?"

ስልኩን አውጥቶ የአገሩን ሴት ተጫዋቾች ፎቶ አሳየኝ። ፀጉራቸው እንደ መቅደስ ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። ቅልጥማቸው ላይ ጠንካራ ነገር ታስሯል። አንዷ ትስቃለች፤ በጥርሷ ፈንታ የሚታየው ቀይ ጎማ ነው።

"ይሄ አፍ ውስጥ ይገባል" አለ ኢክባል። "ዱላ ቢመታሽ ጎማው ይመታል እንጂ ጥርስሽ አይመታም።"

ስልኩን ተቀብዬ ልጅቷን አተኩሬ አየኋት። ይህች ልጅም የሆነ ቦታ እናት አላት። እናቷ ሜዳ ላይ ለቃታለች። ሆኖም ትስቃለች።

የዚያን ቀን ለመቅደስ መልእክት ላክሁላት። "ትጫወቻለሽ። ግን እኔ የምልክልሽን ለአፍሽ ጎማ፣ ለቅልጥምሽ መከላከያ ካላደረግሽ ሜዳ አትገቢም። በአባባ ስም ማይልኝ።"

ወዲያው ደወለች። መጀመሪያ ዳክዬዋ ታየች። ከዚያ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ተገለበጠ፣ ልጄ ከኮርኒሱ ወረደች። ሁለት ሳምንት ነው ያላየኋት፤ አገጯ ረዝሟል። "እማ፣ እውነትሽን ነው?" ትላለች፤ እኔ ጥርሷን አያለሁ። ነጭ፣ ደርዙን የጠበቀ። አንዱም ሲበቅል አላየሁትም። የወተት ጥርሷን ጣሪያ ላይ ስትወረውር አልነበርኩም፤ አዲሱም በስልክ ነው የመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ሳቅሁና እንደ ልማዴ አፌን በእጄ ሸፈንኩ። በላይ በግራ በኩል ድርብ ጥርስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማፍርባት ሰው ፊት እንደዚያ ነው የምስቀው፤ ፎቶ ስነሳም ከንፈሬን ገጥሜ ነው።

ዕቃውን የምታደርስልኝ ጓደኛዬ ከድጃ ነበረች። ከድጃ የወሎ ልጅ ናት፤ ሐምራ የሚባል ሠፈር ነው የምትሠራው። የሊባኖሶች ገና በዋለ በማግስቱ ጠዋት ለእረፍት ወደ አገር ትበራለች።

"ግማሽ ኪሎ" አለችኝ በስልክ። "ወላሂ ከዚያ ብታሳልፊ ደመና ላይ ነው የምበትነው።"

ለቅልጥም መከላከያው ልክ ያስፈልጋል። መቅደስን ለኪ አልኳት። "ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ተኩል ነው" አለች። በማን ስንዝር? በአባባ። የአባቴ ትንሿ ጣት ደግሞ በሦስተኛው ገና ተሰብራ ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት፤ ስንዝራቸውን ማመን አይቻልም። ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ገመድ ይዤ ግቢው ውስጥ መቅደስን ያክላሉ ያልኳቸውን ቀጠን አጠር ያሉ ልጆች መፈለግ ጀመርኩ።

"የኔ እናት፣ አንዴ እግርሽን ልለካው?"

የመጀመሪያዋ ሳቀችና ሰጠችኝ። ሁለተኛዋ ለምን ብላ ጠየቀች፤ "ለልጄ ነው፣ አገር ቤት ላለችው" ስላት ይበልጥ ተጠራጠረች። ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ማታ ሳይሆን፣ ገና ቤቴ ሳልደርስ፣ ከድጃ ደወለች። እሷ እንኳን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሠፈሩ ውስጥም አልነበረችም።

"ቅዳሴ ላይ የሰው እግር እየለካሽ ነው አሉ" አለችኝ። "የሬሳ ሣጥን ሥራ ጀመርሽ?"

"የስፖርት ዕቃ ልገዛ ነው።"

"እነሱ መተት ነው የሚሉት። እኔ ግን ተከራከርኩልሽ፤ እሷ መተት የሚያሠራ ጭንቅላት የላትም አልኳቸው።"

የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው ዱካን ከማዳሜ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ልጅ እግር ሻጭ ነበር፤ ቦንጁር አለኝ፣ ቦንጁር አልኩት።

"አፍ ውስጥ የሚገባ የጥርስ ጎማ እፈልጋለሁ።"

"ለቦክስ?"

"ለሆኪ።"

"በረዶ ላይ?"

"ሜዳ ላይ።"

"ሊባኖስ ውስጥ?"

"መንዝ" አልኩት። ትንሽ አሰበ፤ ከከተማቸው ከዛሕሌ በላይ ያለ መንደር መስሎት ይሆናል።

"ማነው የሚጫወተው?"

"ልጄ።"

"ቁመቱ ምን ያህላል?"

"ሴት ናት" አልኩና እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። እጄ ወገቤ ላይ ቆመ። ስሄድ እዚያ ነበረች፤ ቀሚሴን የያዘችው እዚያ ጋ ነው። አይ፣ አይደለም አልኩና ወደ ደረቴ ከፍ አደረግኩት። እሱም ልክ አልመሰለኝም። ወደ አገጬ ወሰድኩት። ሻጩ እጄን እየተከተለ በትዕግሥት ይጠብቃል።

"ያኒ፣ ማለቴ፣ ትልቅ ናት ወይስ ትንሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

"አላውቅም" አልኩት። እውነቱ እሱ ነው።

ኋላ ከስልኬ ፎቶዋን አሳየሁት። የቅልጥሙን በገመዴ ለካን። የጥርሱን ለልጆች የሚሆነውን አወጣ፤ ጥቁር ነው፣ ከዚያ ልክ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ካርቶኑ ላይ በፈረንሳይኛ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ሥዕል አለው። ድስት፣ ከድስቱ የሚወጣ እንፋሎት። ገባኝ፤ ቀቅሉት ይላል። መቀቀል ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

ይህን ሙያ ያስተማረችኝ ማዳሜ ናት። ያራ በተወለደች ጊዜ ወጥ ቤት አቁማኝ ሕፃን አፍ የሚገባ ነገር ሁሉ ሳይቀቀል እንደማይገባ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ ጡጦው፣ ማንኪያው፣ ሲያለቅሱ የሚጠቡት ላስቲክ። እሷ ያላስተማረችኝን ደግሞ ከራሴ ጨመርኩበት። የተቀቀለውን ላስቲክ ለያራ ከመስጠቴ በፊት በራሴ አፍ እሞክረዋለሁ። ትኩስ ይሆናል ብዬ ነው። ማዳሜ ብታየኝ ሁሉንም እንደገና ታስቀቅለኝ ነበር። ሳታየኝ ያራ ጥርስ እስክታበቅል ድረስ በቀን አሥር ጊዜ አደረግኩት።

የእነሱ ገና ዕለት ከሰዓት በፊት፣ ማዳሜና ያራ ሳሎን ዛፉ ሥር ስጦታ ሲፈቱ፣ እኔ ውኃ ጣድኩ። ጎማውን ጨመርኩ፣ ጥቂት አቆየሁት፣ በማንኪያ አወጣሁት፣ አናፈስኩት። ከዚያ እጄ የለመደውን አደረገ። አፌ ውስጥ ከተትኩት።

እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ጥርሴ ስምጥ አለ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ የሚለሰልስ ነገር የልጄን ድድ አይልጥም። ከዚያ ጠንቃቃነቴ መጣ፤ ሩር ብትመታው ይችላል? እስኪ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። እርግጠኛ ለመሆን ደግሜ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

"ሐቢብቲ፣ ሳህኖቹ የታሉ?" አለች ማዳሜ ከሳሎን።

"እምም" አልኩ።

"ምን?"

"እምም።"

መጣች። ያራም ተከትላት መጣች። አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል ያራ እናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

"ማማ፣ ጥርሷ ጠቁሯል" አለች።

አወጣሁት። ማዳሜ ካርቶኑን አንስታ አነበበች፤ ታነብና እኔን ታያለች፣ ታነብና ታያለች።

"ይሄ እኮ" አለች፣ "ሲቀቀል ይለሰልሳል፤ ከዚያ የነከሰውን ሰው ጥርስ ቅርጽ ይይዛል። ያኒ ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ያንቺ ነው።"

ይህን ብላ ሳቀች። ኩሏ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና አቆመች። "ሌላ እንገዛለን" አለች።

"ዱካኑ ዛሬ ዝግ ነው ማዳም። ከድጃ ነገ ጠዋት ትሄዳለች።"

ስልኳን አንስታ ሁለት ሦስት ቦታ ደወለች፤ በገና ቀን ማን ያነሳል? "ፓርዶን" አለችኝ፤ እሷ ምን እንዳጠፋች ባላውቅም። ሳህኖቹን ራሷ ይዛ ሄደች።

ጎማውን አገላብጬ አየሁት። ጥርሶቼ አንድ በአንድ ተቀምጠውበታል። በግራ በኩል ድርብ ጥርሴ የቆፈረችው ጉድጓድ ከሁሉም ይጠልቃል። ሕይወቴን ሙሉ በእጄ የሸፈንኩት ነገር ጎማው ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ ቁጭ ብሏል። ጎማ ከሌለ ጨዋታ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ልደውልላትና "ቀርቷል" ልበላት? ዳክዬዋ ትዝ አለችኝ። ከዚህ በኋላ ዳክዬዋን ለዓመት እንደማያት አወቅሁ።

በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ ኢክባል የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሊያይ መጣ። ጎማውን ሰጠሁት። እንደ ወርቅ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ተመለከተው።

"ምን ችግር አለው? እንደገና ይቀቀላል" አለ። "ሲቀቀል የፊቱን ይረሳል። ከዚያ ልጅሽ ትነክሰዋለች፣ የእሷ ይሆናል።"

"ይረሳል?"

"ሁሉንም ይረሳል። አዲስ ይሆናል።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለኝም። ግን ጎማውን ከእጁ ስቀበለው ቶሎ ካርቶን ውስጥ አልከተትኩትም። ትንሽ ያዝኩት።

ለመቅደስ መልእክት ላክሁ። ሦስት ጊዜ ነው የላክሁት፣ አንዱ ባይገባት ሌላው እንዲገባት። "እናትሽ ተሳስታ ነክሳዋለች። ውኃ አፍልተሽ ጥቂት ታቆዪዋለሽ። ከዚያ የኔን ይረሳል። በማንኪያ ታወጪና አንቺ ትነክሺዋለሽ። እጅሽን እንዳትቃጠዪ። አባባ እንዳይነክሱት።" አባቴ በምን እንደሚነክሱት አላሰብኩም፤ ጠንቃቃ ሰው ሁሉንም ያስባል።

ማዳሜ ሦስት ሰዓት ያህል ፈቀደችልኝና ሐምራ ሄድኩ። ከድጃ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየጎተተች ነበር። የሰው ዕቃ ሳታይ አትይዝም፤ ፌስታሉን ፈታች።

"ይሄ የማን ጥርስ ነው?"

"የኔ።"

ጎማውን አየች፣ አፌን አየች። "አንቺ ልጅ፣ ራስሽን በቁራጭ በቁራጭ ልትልኪ ነው? ዘንድሮ ጥርስ፣ ለከርሞ ጆሮ?"

"ከግማሽ ኪሎ በታች ነው።"

"ገባኝ" አለች። መልሳ ጠቀለለችው። ሻንጣው ውስጥ ግን አልከተተችውም፤ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ፓስፖርቷ ጎን አደረገችው። ሌላ ቀልድ አልጨመረችም።

የእኛ ገና ለማዳሜ ቤት ተራ ቀን ነው። ልብስ እተኩሳለሁ፤ ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። በየአምስት ደቂቃው አወጣዋለሁ። አንድ የማዳሜን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኩሼ ሦስተኛ ልጀምር ስል ኢክባል በሩን አንኳኳ።

"ፓምፑን ላይ ብዬ መጣሁ" አለ።

ፓምፑ ምድር ቤት ነው። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ግባ አልኩት፤ በሩ አጠገብ ቆሞ እዚያ የሌለውን ፓምፕ ድምፅ ማዳመጥ ጀመረ።

ስልኩ ሲጠራ ካውያውን ነቅዬ፣ መነቀሉን ሁለቴ አይቼ አነሳሁ። የመጣው ኮርኒስ አልነበረም። ሜዳ፣ አቧራ፣ የሰው ጫጫታ፣ መሐሉ ላይ የልጄ ፊት። ከንፈሯ በአንድ በኩል አብጧል።

"ተሸነፍን" አለች። "ሁለት ለአንድ። አንዷን እኔ ነኝ ያገባሁት።"

ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ወንዙ ለሆነ ሰው እየነገሩት ነው።

"ከንፈርሽ ምን ሆኖ ነው?"

"በዱላ መቱኝ።"

"አፍሽን ክፈቺ። ወደ ብርሃኑ ዙሪ። ከፍ አድርጊ። ዝቅ።" የላዩን ቆጠርኩ፣ የታችኛውን ቆጠርኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ። ዝቅ ብዬ የተኮስኩት ልብስ ላይ ተቀመጥኩ።

"ጎማው ነው ያተረፈሽ" አልኳት። "አየሽ መቀቀሉ? እንዳልኩሽ አቆየሽው?"

ጣቷን ያበጠው ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"መቅዲ፣ ቀቀልሽው አይደል?"

"አልቀቀልኩትም።"

"እንዴ፣ ለምን? ውኃ ጠፋ? አባባ ከለከሉሽ?"

"ከቀቀልኩት ይረሳል ብለሻል እኮ" አለች።

የምቆጣው ነገር ነበረኝ፣ ልክ ያልሆነ ነገር አፍ ውስጥ ስለማድረግ፤ ተውኩት። ኢክባል አማርኛ አይሰማም፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ትንሽ ይሰፋኛል እንጂ ደህና ይይዛል" አለች መቅደስ። ጎማውን ከኪሷ አውጥታ ወደ ስልኩ አስጠጋችው። "እዚህ ጋ ግን ጉድጓድ አለ፣ በግራ። እኔ እዚያ ጥርስ የለኝም። ስሮጥ ምላሴ እየሄደ እሱን ይነካል። ይሄ ምንድነው እማ? ያንቺ ነው?"

እጄ አፌ ላይ ነበር። አነሳሁትና ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ቀረብኩ፤ ከንፈሬን ገልጬ ድርብ ጥርሴን አሳየኋት።

ልጄ ጎማውን ከፊቷ ዞር አድርጋ አፌን ረጅም ጊዜ አየች።

"እሷ ነች" አለች።